«ምንም አይልም» ያልነው ውሃ

ይህ ነገር በጠቅላላው ያስከፈለኝ አንዲት ዳማ በቅሎ፣ አንድ ቃል፣ የአንድ ሰው ሰላምታና አንድ አለቃ ነው። በሕይወቴ ያገኘሁትና ያጣሁት ሌላው ሁሉ ከቡና ነው። ቡና ደግሞ ሲሰጥም ሲነሳም ምክንያቱን አይነግርምና እሱን እተወዋለሁ።

ዘንድሮ ሚዛኔን ለልጄ አስረክቤ ከመጋዘን ወጥቻለሁ። ልጄ የቡናን እርጥበት የሚያየው በመሣሪያ ነው፤ እፍኝ ይጨምርበታል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ያንን አምኖ ይገዛል። እኔ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ነበር የማውቀው። ውስጡ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም ማለት ነው። መሣሪያው ከኔ እጅ ይሻላል፤ ሪህ የለበትም። እንግዲህ ሥራ ከፈታሁ በኋላ ጎረቤቶቼ «ነስሩ፣ ያሳለፍከውን ጻፈው እንጂ» አሉኝ። ስለ ቡና የሚጽፍ ጅማ ውስጥ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ሥራዬ ነው፤ በደርግ ጊዜ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ነገር ስለሰበሰብኩባቸው ዓመታት።

ያደግኩት ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው፤ ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ጽሑፌ ትልልቅ የሆነው። የመጀመሪያ አለቃዬ አጎቴ ነበር። ከአጋሮ እስከ ሰቃ እየዞረ ከገበሬ ላይ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ይገዛል። እሱ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው ቡና መስማት ነው። እፍኝ ጀንፈል ጆሮው ሥር ይነቀንቃል፤ የደረቀ ይንኳኳል፣ ያልደረቀ ዝም ይላል። «ዝም ከሚል ቡናና ብዙ ከሚያወራ ገበሬ ተጠንቀቅ» ይል ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት «ምንም አይልም» የምትል ቃል ናት። ገዢ የሆነ ሰው ቡናን «ጥሩ ነው» አይልም፤ ካለ ዋጋው እዚያው ይወጣበታል። ቡናው እንደ ዕንቁ ቢያበራ እንኳ ፊቱን ቋጠር፣ ከንፈሩን ጣል አድርጎ «እ... ምንም አይልም» ነው የሚለው። በአማርኛ ቃሉ መሐለኛ ነው፤ ጥሩም አይደል፣ መጥፎም አይደል። በእኛ አፍ ግን ትርጉሙ «ወድጄዋለሁ፣ አትወቅብኝ» ነበር። ገበሬውም ሞኝ አልነበረም። «ምንም አይልም» ሲባል በልቡ ይስቃል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቡናው የመንግሥት፣ መንገዱ የኬላ ሆነ። የግል ነጋዴ ቀስ እያለ መጋዘኑም ስሙም ጠበበ። እኔ አልገባ ብሎኝ ጥቂት ጆንያ ቡና ከድንች ሥር ሸሽጌ ወደ አዲስ አበባ ስነዳ ሰኮሩ ኬላ ላይ ተያዝኩ። ፈታሹ እጁን በድንቹ መሐል እስከ ክርኑ ሰደደ። ያኔ የሙያ ባልደረባዬ መሆኑ ገባኝ። ቡናውም የንግድ ፈቃዴም እዚያው ቀሩ፤ እኔን ለቀቁኝ። በዚያ ዘመን ይህ ከትርፍ ይቆጠር ነበር።

ሥራ ፍለጋ ስዞር ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ «መንገድ የሚያውቅ፣ በቅሎ ያለው» ሰው ይፈልጋል ተባለ። ሄድኩ። ደመወዙን ሲነግሩኝ የበቅሎዋ መስሎኝ «የኔስ?» ብዬ ነበር።

አለቃዬ መምህር ደጀኔ ይባላሉ። ውጭ አገር ተምረው የመጡ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ የሚጠርጉ። የአረንጓዴው ነገር ጥናት በመጀመሪያ የእሳቸው አልነበረም። ባለቤቱ ሥነ ሕይወት የሚያስተምር ባልደረባቸው ነበር። ሰውዬው ለአጭር ስብሰባ ውጭ አገር ሄዶ ስብሰባው እስከ ዛሬ አላለቀም። የተዋቸው የጥናት ብልቃጦች ሊደፉ ሲሉ መምህር ደጀኔ «የሰው ሥራ አይደፋም» ብለው ወረሱ።

የተገናኘን ዕለት በሩ ላይ ቆመው ዳማዋን ከእግር እስከ ጆሮ አዩዋት።

«ደህና በቅሎ ናት?» አሉኝ።

«በጣም ደህና ናት፣ መምህር።»

«እስከ ምን ድረስ?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ትንሽ አሰብኩና፣ «ዳገት ላይ አንደኛ ናት። ወንዝ ስታይ ግን ትለግማለች» አልኩ።

«አሁን ነገርከኝ» አሉና ቀጠሩኝ።

«እስከ ምን ድረስ?» የእሳቸው ጸሎት ነበር ማለት ይቻላል። «ደህና አደሩ?» ብትላቸው እንደ ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው አያልፉም፤ ቆም ብለው ያስቡና «ወደ ደህናው ያዘነበለ ነው» ይላሉ። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን «እሱ ክፉ ሰው ነው» ብሎ ሲያማ ከሰሙ ከጠረጴዛቸው ሆነው «እስከ ምን ድረስ?» ይላሉ። ሐሜት ይህን ጥያቄ አይችልም፤ ወዲያው ይሞታል።

አንድ ጊዜ ይህ ጠባያቸው ሊያስበላን ነበር። በኮሌጁ የውይይት ቀን አንድ ካድሬ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ «ጓዶች! ሰው ማለት ወይ አብዮተኛ ነው፣ ወይ ፀረ አብዮት ነው። መሐል የለም!» አለ። መምህር እጃቸውን አወጡ። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ የኮታቸውን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ። አልሰሙኝም።

«ጓድ፣ እስከ ምን ድረስ?»

 ካድሬው ዓይኑን አፈጠጠ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ «እስከ መጨረሻው! እስከ መጨረሻው ድረስ ነው፣ ጓድ!» ብዬ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ሰውም አጨበጨበ። ካድሬው ደስ ብሎት ተቀመጠ። ስንወጣ መምህር፣ «ጥያቄዬን አበላሸህብኝ እኮ፣ ነስሩ» አሉኝ። «ጥያቄዎ ተበላሸ፣ እርስዎ ግን ደህና ነዎት» አልኳቸው። መነጽራቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከኩሬና ከረግረግ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ቅባት መሳይ ነገር እሰበስባለሁ። መጽሐፉ ዋቅላሚ ይለዋል። መምህር ግን፣ «ዋቅላሚ ይሉታል፤ በዘሩ ግን ባክቴሪያ ነው። ሳይኖባክቴሪያ። ምግቡን ከፀሐይ ያበስላል እንደ ቅጠል፣ ዘሩ ግን ከቅጠል አይደለም» ይላሉ።

«ታዲያ ከየትኛው ወገን ነው የሚቆጠረው?»

«እሱን ነዋ የምወድለት!»

የምሰበስብበት የኪቶ ፉርዲሳ ረግረግ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ቆሞበታል። ያኔ እዚያ የሚያነበው እንቁራሪት ብቻ ነበር። ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ እደርሳለሁ፤ ነፋስ ከጀመረ አረንጓዴውን ሁሉ ወደ አንድ ዳር ገፍቶ ከቆሻሻ ጋር ያቦካዋል። በጣሳ ከላይ ከላይ መግፈፍ እንጂ መጥለቅ የለም። ብልቃጡን አልሞላም፤ ለትንፋሹ ቦታ እተዋለሁ። ከዚያ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ እርጥብ ጆንያ ደርቤ፣ ዳማዋ ላይ እጭናለሁ። መኪና ያንገጫግጨዋል፤ በቅሎ ታሽሞነሙነዋለች። ለዚህ ነው በቅሎ የተመረጠችው። ያው መኪናም አልነበረም። ወደ ሰኮሩ ስወርድ ያ ፈታሽ አወቀኝ። ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና፣ «ነስሩ፣ ደግሞ ይሄን የሚገዛ አገኘህ?» አለኝ። «መንግሥት ነው የሚገዛው» ስለው ከልቡ አዘነልኝ።

መምህር የማመጣላቸውን ያስጨንቁታል። ሌላ ቃል የለውም። አንዱን ብልቃጥ ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣውን ጎምዛዛ እጣቢ ይጨምራሉ፤ አንዱን ሳህን ላይ አስጥተው ያደርቃሉ። ከዚያ ግንባራቸውን ብልቃጡ ላይ አስደግፈው፣ እንደ ታመመ ልጅ፣ ለረጅም ጊዜ ያዩታል። ፀሐይ የበዛበት ቡናማ ካባ ይለብሳል። ጨው የበዛበት ይለግማል፣ ያንቀላፋል። የደረቀው እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቶ ይሰነጣጠቃል። ይህንን የደረቀውን ሞቷል ብዬ ልጥለው ስል ነው መምህር የጮኹብኝ። ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉበት። በማግስቱ ሳህኑ ላይ አረንጓዴ ጥላ ነበር።

«ትናንት ሞቶ ነበር ወይስ በሕይወት ነበር?» አሉኝ።

«ነጋዴ ነበር» አልኳቸው። «ፈቃድ ሲነጠቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ያን ዕለት ነው ሒሳባቸውን የነገሩኝ። በድሮው ሒሳብ ስብስብ ማለት አጥር ነው፤ ወይ ውስጥ ነህ፣ ወይ ውጭ ነህ። እሳቸው የተማሩት አዲሱ ሒሳብ ግን ድንበሩ ጉም የሆነበት ስብስብ ነው። በአማርኛ ጭጋጋም ስብስብ ብለውታል። አንድ ነገር በጥቂቱ፣ በግማሹ ወይም ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የስብስቡ አባል ሊሆን ይችላል።

«የሰቃን አጥር አይተሃል አይደል?» አሉኝ። «ቁጥቋጦ ነው፣ ወፍራም ነው። ፍየሏ አጥሩ መሐል ተሰንቅራ ቅጠል ስትበላ ውስጥ ናት ወይስ ውጭ?»

«እንደያዛት ሰው ነው፣ መምህር። ባለቤቷ ከያዛት ውጭ ናት። ጎረቤትየው ከያዛት ውስጥ ናት።»

ይህንን መልስ ጻፉት። ለምን እንደጻፉት አልጠየቅኩም።

ሒሳቡ በቁጥር ነው የሚሠራው። ችግሩ ቁጥሩን በየኩሬው ላለ ሰው መንገር አለመቻሉ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ቡና ስናወራ «ጠፈፍ ብሏል» ስል ሰሙኝ። ጠመኔያቸውን ጥለው ወጡ። «ጠፈፍ ማለት ምን ያህል መድረቅ ነው?» እኔም ነገርኳቸው፤ ውሃው ለቆት፣ እርጥበቱ ገና ያልለቀቀው። «ቀይ ነው ብለህ ደግሞ ቀላ ያለ ትላለህ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ሞቅ ያለ፣ ከፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ! የኔ ሒሳብ በሙሉ እኮ ‹ያለ› የምትለዋ ቃል ውስጥ አለ!» እንዲህ ሆነን ለኩሬ ውሃ የቃላት መሰላል ሠራን። ከላይ «ጥሩ» አለ፣ ከሥሩ «ደህና»፣ ከታች «ከፋ ያለ»፣ ከሁሉም በታች «የተበላሸ»። ቁጥሩንና መሰላሉን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ የኔ ድርሻ ቃል ማቀበል ነበር።

«መሐሉን ምን እንበለው?» አሉኝ።

«ምንም አይልም» አልኳቸው።

ይህን ስል እንደ አማርኛ ነበር የመለስኩት፣ እንደ ነጋዴ አልነበረም። ልዩነቱ ትዝ አላለኝም።

ከሰቃ ወዲያ አንድ የመንግሥት እሸት ቡና ማጠቢያ ነበር። ቡናው በደረሰ ጊዜ ማሽኑ ሌት ተቀን ይፈለፍላል፤ እጣቢው ቁልቁል ወርዶ የመንደሩ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ይገባል። በዚያ በጋ ኩሬው አረንጓዴ ሆነ፤ መንደሩም አቤት አለ። ወረዳው ማጠቢያውን በቡና ወቅት ማቆም አይፈልግም፤ ቡናው የውጭ ምንዛሪ ነው። ገበሬውም ከብቱን ሌላ ውሃ ለማድረስ ግማሽ ቀን መንዳት አለበት። ስለዚህ «የተማረ ሰው ይምጣና ይፍረድ» ተባለ። መምህር ተላኩ፤ እኔና ዳማዋ ተከተልን።

እዚያ መንደር አባ ዲጋ ይኖራሉ። ከአጎቴ ጊዜ ጀምሮ ቡናቸውን የምገዛቸው ሰው ነበሩ፤ በእድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሀብታቸው ሁለት የሚታለቡ ላሞች ናቸው። ባለቤታቸው ሞተው ስለነበር የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በወተቱ ነው። ስንደርስ ትልቋን ላም ይዘው ኩሬው ዳር ቆመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ ዲጋ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አንተ ነስሩ፣ ቡና ጠፍቶ ቆሻሻ ውሃ ትገዛለህ አሉኝ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እርስዎ ጋ ያለው ዋጋው ስንት ነው?»

«ለአንተ በነፃ! ላሜን ብቻ አትንካብኝ» አሉና ሳቁ።

መምህር ውሃውን ቀናት ወስደው መረመሩ። ቀድተው ሰፈሩ፣ አሸተቱ፣ በአጉሊ መነጽር አዩ። አንድ ነገር አላስደሰታቸውም። «ይሄ ነገር ሲመቸው አይደለም የሚያስፈራኝ» አሉኝ። «ጨንቆት የሞተ ዕለት ነው። እጣቢው እየበዛ ሄዶ ከገደለው በሆዱ የያዘውን ሁሉ ውሃው ላይ ይዘረግፈዋል። ዛሬ መሐል ላይ ነው። ግን ወደ ታች እያየ ነው።»

ስብሰባው የቡና ማስጫው ሜዳ ላይ ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ኦሮምኛ ሊተረጉም ከመምህር ጎን ቆመ። ከወረዳ የመጣው ጓድ ሰዓቱን እያየ፣ «ጓድ መምህር፣ በአጭሩ። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?» አለ።

«በአጭሩ ከሆነ ስሕተት ይሆናል» አሉ መምህር።

«በአጭሩ!»

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውሃው ለዛሬ ምንም አይልም። ነገር ግን...»

ሊቀ መንበሩ «ነገር ግን»ን አልጠበቀም። እጁን ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ፣ «ሆማ ሂን ቀቡ!» አለ። ምንም የለበትም፣ ችግር የለም ማለት ነው። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። መምህር «ወደ መጥፎው ያዘነበለ ነው፣ ከብቱን ለጊዜው አርቁ» ሲሉ ድምፃቸው ጭብጨባው ውስጥ ሰጠመ። እኔ ቆሜ በኦሮምኛ «ቆይ! ገና አልጨረሱም!» ብዬ ጮኽኩ። ሊቀ መንበሩ «ጓድ ነስሩ፣ መፈክር ላይ ነን» አለኝ። መፈክሩ ተባለ። ሰው ተበተነ።

ከኋላ ሮጬ አባ ዲጋን ደረስኩባቸው።

«አባ ዲጋ፣ ይስሙኝ። መምህሩ ያሉት እንደዚያ አይደለም። ውሃው ምንም አይልም ነው ያሉት እንጂ...»

ቆም ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ።

«አንተ ልጅ! እኔን ነው? ቡናዬን ስንት ዓመት ‹ምንም አይልም› እያልክ ገዝተሃል? ወስደህስ እንዴት እንደሸጥከው አልሰማሁም? አንተና አጎትህ ‹ምንም አይልም› ያላችሁት ነገር ሁሉ ወርቅ ነው የወጣው!»

«ይሄ ሌላ ነው፣ በአላህ!»

«ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ! ላሟን ያርቋት።»

«ወላሂም እኮ ቡና ላይ ትላለህ» አሉና ላማቸውን እየነዱ ወረዱ።

እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ አጣሁ። በሁለት ቋንቋ የምነግድ ሰው ነበርኩ። በሁለቱም ውስጥ ያንን ሽማግሌ የሚያሳምን አንድ ቃል አልቀረኝም፤ ሁሉንም ሸጬዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ኩሬው ተለወጠ። አረንጓዴው ነጣ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ ከዚያም ተሟሟ። የአባ ዲጋ ሁለቱም ላሞች እዚያው ኩሬ ዳር ወደቁ፤ ከሌሎቹም ደጅ ከብት ሞተ። ሰምተን ስንደርስ አባ ዲጋ ከትልቋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጊደር ሳለች ያሳደጓት ላም ናት። መምህር ጭቃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ብቸኛውን ደህና ሱሪያቸውን ለብሰው።

እኔ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

አባ ዲጋ ቀና ብለው አዩኝ። ሰላምታ መመለስ ግዴታ እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። አልመለሱም። ፊታቸውን ወደ ላሟ አዞሩ።

በመልሱ መንገድ መምህር በበቅሎ አልሄድም ብለው በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ዳማዋን እየሳብኩ፣ «ሊቀ መንበሩ ጥፋተኛ ነው» አልኳቸው።

«እስከ ምን ድረስ?» አሉ።

«ወረዳውም።»

«እሱስ እስከ ምን ድረስ?» ቆሙ። «እኔ ‹ነገር ግን›ን ማስቀደም ነበረብኝ፣ ነስሩ። ገበሬ ፊት ቆመህ አደገኛውን ነው መጀመሪያ የምትናገረው። ይህን ያህል ዓመት ስለ መሐል ሳስተምር መሐልን ለሰው እንዴት እንደሚነግሩት አልተማርኩም።»

ስለ ቃሉ፣ ገበያ ላይ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያኔ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ስል መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። «ስለዚህ ቃሉም ጭጋጋም ስብስብ ነው» አሉ። «ለኔ መሐል ነው፣ ለሊቀ መንበሩ ሰላም ነው፣ ለአባ ዲጋ ወርቅ ነው።» ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንባው ሒሳቡ ስላማረላቸው አልነበረም።

መምህር ዝም አላሉም። ወረዳ ሄደው ትርጉሙ ተዛብቷል፣ ማጠቢያው እጣቢውን በጉድጓድ ያጥልል፣ ለከብቶቹ ካሣ ይሰጥ ብለው ተናገሩ። ጉድጓዱ ቆይቶ ተቆፈረ። ካሣው አልተሰጠም። እሳቸው ግን «በሕዝብ መሐል ግራ መጋባት የፈጠሩ» ተብለው ወደ ሩቅ አገር ተዛወሩ። ሊሄዱ ሲሉ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አጥበው ለኮሌጁ አስረከቡ። ለኔ ከሰቃው ኩሬ የወሰዱትን፣ በወረቀት መሐል ያደረቁትን አረንጓዴ ሰጡኝ።

«ውሃ አታስነካው። ስመለስ አብረን እናየዋለን።»

«ይመለሳሉ?»

እንደ ልማዳቸው አሰቡ። «ወደ መመለሱ ያዘነበለ ነው» አሉ።

እኔ ዳማዋን እየሳብኩ ሰቃ ወረድኩና አባ ዲጋ ደጅ አሰርኳት። «ይሽጧት፤ ላም ይግዙባት» አልኩ። ተቀበሏት፤ ልጆች አሉባቸው። ልጓሟን ሲቀበሉኝም «ገለቶሚ»፣ ተመስገን፣ አላሉኝም። እንደገና «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ወጣሁ። የመለሰልኝ ዶሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የኮሌጁ ግምጃ ቤት ውስጥ ጠመኔ ስቆጥር ከረምኩ። አዲሱ አለቃዬ ለእያንዳንዱ ጠመኔ የሚያስፈርም ሰው ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ከሰቃ የሚመጣ ሰው ሲያገኘኝ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። በደርግ መጨረሻ ንግድ ለቀቅ ሲደረግ ፈቃድ አወጣሁና ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ።

ስመለስ ግን ሌላ ገዢ ሆኜ ነበር። «ምንም አይልም» ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ያየሁትን መናገር ጀመርኩ። «ጠፈፍ ብሏል፣ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።» «ይሄኛው ጥሩ ነው፤ ከዚያኛው ጋር አትቀላቅለው።» ገበያው ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች አበድክ አሉኝ። አንዱ ወዳጄ፣ «ነስሩ፣ ለሻጩ ‹ቡናህ ጥሩ ነው› ብለህ ስትገዛ ሰማሁህ። በሽታው ይተላለፋል?» አለኝ። መጀመሪያ ገበሬውም ጠረጠረኝ፤ ወጥመድ መሰለው። ከዚያ ለመደው። እንደ ድሮው አላተረፍኩም። ከሰርኩም አልልም።

አንድ ቀን በመጋዘኔ በር ላይ ጥላ ወደቀ። አባ ዲጋ ናቸው። ጎብጠዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። በአህያ የጫኑትን ጆንያ አወረዱና አፉን ፈቱ። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። እፍኝ አንሥቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩ። ሲያዩኝ ነበር።

«ሀመም ጎጌ?» አሉኝ። ምን ያህል ደርቋል? ማለት ነው።

ያ ጥያቄ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በሩቅ አገር ያለ አንድ ጎበጥ ያለ ሰው የጠየቀኝ መሰለኝ።

«ከላይ ያለው ደርቋል፣ አባ ዲጋ። ከሥር ያለው ቀዝቀዝ ይላል፤ ሌላ ጊዜ የተለቀመ ነው፣ ቀላቅለውብኛል። የላዩ በጣም ጥሩ ቡና ነው። የሥሩን መልሰው ያስጡት፤ ዛሬ ከገዛሁዎት እርስዎ ይጎዳሉ።»

 ከዚያ እጃቸውን እሳቸውም ጆንያው ውስጥ ከተቱ፣ እስከ ታች።

«እውነቱን ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል» አሉ ለራሳቸው። ጆንያውን ማሰር ጀመሩ። አስረው ሲጨርሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ወአለይኩሙ ሰላም» አሉኝ።

እኔ ያን ቀን ሰላም አላልኳቸውም ነበር። የመለሱልኝ የድሮውን ነው።

መምህር ደጀኔ በተላኩበት አገር እያስተማሩ ታመው እንደሞቱ የሰማሁት ከጊዜ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደሆነ የነገረኝ ሰው ራሱ በደንብ አያውቅም። የሰጡኝን ደረቅ አረንጓዴ ግማሹን ቆርሼ ሳህን ላይ አድርጌ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ጥቂት ቆየ፤ አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ግማሽ እንደ ደረቀ አለ። አልነካውም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። በቅሎዋ ተሸጣለች። ቃሉን ዳግም አልተናገርኩትም። ሰላምታው ተመልሷል። አለቃዬ አልተመለሱም።